ማህተሙ፣ ቀለሙ፣ ቁልፉ

ባለፈው ሳምንት በፋሲሎ ሰፈር በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ የጭነት መኪና ፋጉሎ ተሸክሞ አጠገቤ ቆመ። ፋጉሎ ማለት ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ ለከብት የሚሰጠው ነው፤ ሽታውን ያልለመደ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ሌላው ሽማግሌ የድሮ ሽታ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ጎረምሳ ሳለሁ የተናደድሁትን ንዴት እንደ አዲስ ተናደድሁት። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ አባባ ደህና ነዎት ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልሁት። ምን ልበለው? የእትዬ ይመኙሻልን ቤት ጉድ ልንገርህ ብዬ ብጀምር ጭነቱን ሳያራግፍ ይመሽበታል።

ያኔ ባሕር ዳር እንዲህ አልነበረችም። ዘንባባው ገና ለጋ ነበር፣ አስፋልቱም የብስክሌት እንጂ የመኪና አልነበረም። ጠዋት የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጡሩምባ ሲጮህ መንገዱ በብስክሌት ጥቅጥቅ ይላል፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሰው ወዛደር ደወሉን እያቃጨለ ሲያልፍ እኛ የግል ቤት ሠራተኞች ዳር ይዘን በቅናት እናየዋለን። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ አሳ በሃምሳ ሳንቲም ትበላና ጣትህን ስትልስ ትውላለህ። እኔ አንዲት ቡናማ ቴትሮን ሱሪ ነበረችኝ፣ ከታች ደወል የምታህል፤ ቅዳሜ ማታ ተኩሼ ፍራሼ ሥር አስተኛታለሁ፣ እሁድ ከኮንጎ ጫማ ጋር እለብሳታለሁ። ፀጉሬ ደግሞ አፍሮ ነበር፤ ዛሬ ይህን መላጣ የሚያይ ሰው አያምነኝም። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ሬዲዮው የፍቅር ዘፈን ይለቃል፣ ልጃገረዶቹም መንገድ እንደሚሄዱ ሆነው ቀስ ይላሉ። ዘፈኑ አልቆ ያ መፈክሩና የሰልፍ ማርሹ ሲመጣም ባለቤቱ ድምፁን አይቀንስም፤ መቀነስ ያስጠረጥር ነበር። ስለ ፖለቲካው ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የማወራው ስለ ዘይት ነው።

ዘይት ወርቅ ነበረች። ቀበሌ ሱቅ መጣ ከተባለ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ መሰለፍ ያልቻለ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። እንግዲህ አገሩ ሁሉ ዘይት ዘይት ሲል፣ ዘይት የሚጨምቅ ቤት እንዴት ሊከስር ይችላል? ይከስራል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አቶ ገሠሠ የሚባሉ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጭመቂያውን ከነናፍጣ ሞተሩ ከአንድ ጣልያን ገዝተው ተክለውት ነበር። ትልልቁ ሁሉ ሲወረስ የእሳቸው ትንሽ ስለነበረች ዓይን ውስጥ ሳትገባ ቀረች። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ለባለቤታቸው ለእትዬ ይመኙሻልና ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ቀረ። ትልቁ ጋሽ ላቀው ይባላል፤ ባርኔጣ የማይለየው፣ እያንዳንዱን ነገር እያሰበ የሚያዘገይ ሰው። ታናሹ ስማቸው ይባላል፣ የእኔ እኩያ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳያስብ የሚያፈጥን። እኔ ይግዛው ደግሞ ሞተሪስት ነበርሁ። ያቺን አሮጌ ሞተር አስነስቼ፣ አባብዬ፣ ቺንጋዋ ሲበጠስ በቆዳ ሰፍቼ የማኖራት እኔ ነኝ።

አንዱ ፍጠን ሲለኝ ሌላው አቁም ይለኛል። ላቀው ጠዋት መጥቶ ፋጉሎውን በግራ በኩል ክመረው ይላል፤ ከሰዓት ስማቸው መጥቶ ማን ነው እዚህ የከመረው ይላል፤ ወንድምህ ስለው በቀኝ ያስከምረኛል። ማታ ላቀው ያየዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ አንድ ክረምት ሙሉ ያንን ፋጉሎ ሳመላልስ ከርሜአለሁ። ዘበኛው የእትዬ አጎት ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም፣ ጆሯቸውም የሚሰማው እንቅልፍ ሲጠራቸው ብቻ ነው። ሽያጩ ላይ ያለችው የአክስት ልጅ ናት፤ ዘመድ ጠርሙስ ይዞ ከመጣ ትቀዳለች፣ ዘመድ ያልሆነ ከመጣ ደግሞ ዘመድ መሆን አለመሆኑን ስታጠያይቅ ትውላለች። በዓሉን ደግሞ ተዉት። እትዬ የማርያም ቀን ሞተር አይነሣም ይላሉ፤ እሺ፣ ማርያም ናት። ላቀው የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነው፣ በጊዮርጊስ አይነሣም። ስማቸው የማንንም ማኅበር ጠጥቶ አያውቅም፤ ወንድሙ በጊዮርጊስ ካዘጋ ግን እኔም በገብርኤል አዘጋለሁ አለ። ሚካኤልና መድኃኔዓለም የሁላቸውም ናቸው። ጎረቤት ለቅሶ ከሆነ ድምፁ ነውር ነው። በጾም፣ አገሩ ቅቤ ትቶ ዘይት በሚፈልግበት በዚያ ወቅት፣ እኔ ቱታዬን ለብሼ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝንብ አባርራለሁ። ከማዶ የፋብሪካው ጡሩምባ በሰዓቱ ይጮሃል። እንዴት እንደሚያናድድ!

ሁሉን ያመጣው ግን የሐሙሲት ገበያ ነው። ኑግ የምንገዛው ከዚያ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ላቀው ጭነት ትቆጣጠራለህ ብሎኝ በአውቶቡስ አብረን ሄድን። ገበያው አንድ ዳር ቆመን ዋጋ ጠራን። ገበሬው ኑጉን ሊሰፍርልን ሲል፣ በዚያኛው ዳር የበለጠ የሚሰጥ ሰው አለ አለና ተነሣ። ላቀው ጨመረ። ሰውየው ሄዶ ተመለሰ፤ ያኛውም ጨምሯል። ገበሬው ሁሉ ከዳር እዳር እየተመላለሰ ይስቃል፣ የጎንደር ነጋዴዎች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። እኔ ጉብታ ላይ ወጥቼ ብመለከት፣ ያ ዋጋ የሚሰቅለው ሰውዬ ስማቸው ነው። መኪና ተከራይቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ለዚያው ለእኛው መጭመቂያ ኑግ ሊገዛ መጥቷል። ሮጬ ወረድሁና፣ ጋሽ ላቀው፣ ያ እኮ ወንድምዎ ነው አልሁት።

"አውቃለሁ" አለኝ ባርኔጣውን እያስተካከለ። "ጨምርለት።"

በዚያ ዋጋ የተገዛ ኑግ ዘይቱ ሽቶ ሆኖ ቢወጣ እንኳ አያዋጣም። ይባስ ብሎ ሁለቱም በድርጅቱ ማህተም ለየገበሬው ውል ሰጥተው ስለነበር፣ ባለውሉ ሁሉ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ በሩን አጨናነቀው። ወንድማማቾቹ ግቢ ውስጥ ሊደባደቡ ሲሉ ሽማግሌ ተጠራ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የቤቱ ወዳጅ መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ዜማውን ጨርሰው፣ ቅኔ ተቀኝተው፣ በሐይቁ ደሴቶች ያሉትን አድባራት ሲያገለግሉ የኖሩ ትልቅ ሰው። ሦስት ቀን ተቀምጠው አስታረቁ። እርቁም ይህ ሆነ፤ ማህተሙን ላቀው ይያዝ፣ የማህተሙን ቀለም ስማቸው ይያዝ፣ የድርጅቱ ስም የታተመበት ወረቀት ደግሞ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ በእናትየው አንገት ይንጠልጠል። አንዱ ከሌላው ተደብቆ ምንም እንዳያደርግ ነው። ሁሉም አጨበጨቡ፣ እግር ተሳሳሙ፣ በግ ታረደ። በማግስቱ ወንድማማቾቹ መነጋገር አቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት ማህተም ያረፈበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ፍቅር ይዞኝ ነበር። ጥሩወርቅ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መዛኝ ነበረች። ሚዛኑን ስትይዝ ትንሿን ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች፤ እኔ ያንን ጣት ለማየት ብዬ ስኳር ባልፈልግም እሰለፍ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የነገረችኝን አልረሳውም፤ ፋጉሎ ፋጉሎ ትሸታለህ አለችኝ። ከዚያ በሳሙና ብታጠብ፣ ሽቶ ብቀባ አይለቀኝም። ቢሆንም ወደደችኝ። ችግሩ አባቷ ናቸው። አባቷ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? መሪጌታ ጥበቡ! ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን የሰው ቤት ሰው ነው፤ ነገ ውጣ ቢሉት ይወጣል፤ ልጄን የምሰጠው የራሱ ቦታ ላለው ነው፣ የመንግሥት ሥራ ይዞ ይምጣ አሉ። መቼስ ምን ይባላል። እግዜር ሲረዳኝ ጎረቤቴ የሆነ የፋብሪካው ፎርማን፣ ሞተር ክፍል ሰው እንፈልጋለን፣ ቦታውን እስከ ጥምቀት ድረስ አቆይልሃለሁ አለኝ። ቱታ አለው፣ ሕክምና አለው፣ ጡረታ አለው። የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከነበርሁበት ድርጅት መልቀቂያ። መልቀቂያ የሌለውን ሰው ያኔ ማንም አይቀጥርም።

ላቀው ዘንድ ሄድሁ። በደስታ አለኝ፣ ማህተሙ ይኸው ኪሴ ነው፣ ቀለሙን ያ ሰውዬ ያምጣና እመታልሃለሁ። ያ ሰውዬ ያለው የእናቱን ልጅ ነው። ስማቸው ዘንድ ሄድሁ። ቀለሙ ይኸው አለኝ፣ ግን እኔ እሱ ቤት አልሄድም፣ ማህተሙን ይዞ ይምጣ። ተመልሼ ለላቀው ነገርሁት፤ ታላቅ ወደ ታናሽ ቤት ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ አለኝ። ቀለሙን ለእኔ ስጠኝና ላድርስ ስለው ስማቸው አደራ ከእጄ አይወጣም አለ። በዚያ ኅዳር ከአንዱ ወደ ሌላው ስመላለስ የኮንጎ ጫማዬ ሶል አለቀ። ለእናትየው ልናገር ብል ደግሞ እትዬ የሉም፤ የገናን ጾም ሱባዔ ይዘው ዘጌ ተሻግረዋል፣ ቁልፉም አብሮ ሱባዔ ገብቷል።

ተከተልኋቸው። የዘጌ ሰዎች ማገዶ በታንኳ አምጥተው ሸጠው ባዶውን ሲመለሱ ለመንሁና ተቀመጥሁ። ታንኳ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው አይስቅብኝ፤ የደንገል እስር ነው፣ ውሃው መቀመጫህን ያርሰዋል፣ ያቺ የቴትሮን ሱሪዬ እዚያ ላይ ቀለሟ ሄደ። ስደርስ እትዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙላቸውን አባት ያዳምጣሉ። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር ታስሮ ነጠላቸው ላይ ይታየኛል። እስኪጨርሱ ጠብቄ ጉዳዬን ተናገርሁ፤ ስለ ፋብሪካውም፣ ስለ ጥሩወርቅም፣ ጥምቀት ስለ መድረሱም። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጡም፤ ያዘኑ መሰሉኝ።

"ይግዛው" አሉኝ፣ "አንተ እኮ ልጃችን ነህ። ልጅ ከቤቱ መልቀቂያ ሲወስድ አይተህ ታውቃለህ?"

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ! ደሞዝ ጨምሩልኝ ስል ልጃችን ነህ። ቱታ ግዙልኝ ስል ልጃችን ነህ፣ የስማቸውን አሮጌ ኮት ውሰድ። ልጅ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። ዳቦውን ቆርሰው፣ ጠበሉን ቀድተው አበሉኝ፤ ስነሣም፣ አደራ፣ ማርያም ስትደርስ ሞተሩን እንዳታስነሣ አሉኝ። በዚያች እርጥብ ታንኳ እስክመለስ ድረስ ሐይቁን ሁሉ ስሳደብ ነበር።

ሌላ መላ ሲጠፋ መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ገባሁ። ቀጥ ብዬ ነገርኋቸው፤ አባቴ፣ የመንግሥት ሥራ ይዘህ ና ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ሥራውን እንዳልይዝ በሦስት ቦታ ያሰሩኝም እርስዎ ነዎት፤ በየትኛው ልሂድ? ትከሻቸው እየተነቀነቀ ሳቁ። መሳቃቸው አናደደኝ። ነገር ግን ሰውየው ጥፋታቸው የገባቸው ይመስለኛል። ከገና በኋላ የአቶ ገሠሠ ሙት ዓመት ነው፣ ያን ቀን ሦስቱም አንድ ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ማህተሙንም ቀለሙንም ቁልፉንም ይዘው እንዲመጡ አዝዛቸዋለሁ፣ አንተም የመልቀቂያውን ቃል አጽፈህ ና አሉኝ። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ነው የሚቀረው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለኝ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሕዝቡ በልቶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ካህናቱም ተነሥተው ሲሄዱ መሪጌታ ሦስቱን በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀሯቸው። ላቀው ማህተሙን ከመሐረብ ፈትቶ አስቀመጠ። ስማቸው የቀለሙን ቆርቆሮ አወጣ፤ የኮቱ ኪስ በቀለሙ ጠቁሯል። ወንድማማቾቹ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ። የብረት ሳጥኑ እትዬ እግር ሥር ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ ሁሉ ነገር ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። መሪጌታ ጉዳዬን አስረዱ። ላቀው እንደ ልማዱ አሰበ፣ አሰበና፣ ይህ ልጅ ከሄደ ሞተሩን ማን ያስነሣዋል አለ። ስማቸው ከግድግዳው ዞረና፣ እውነቱን ነው አለ። አያችሁልኝ! ከሐሙሲት ወዲህ በአንድ ነገር ያልተስማሙ ሰዎች እኔን በመያዝ ተስማሙ። ወንድም እንደ ወንድም ዓይን ለዓይን ተያዩ። እትዬ ይህን አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ተመስገን አሉ፣ ወደ እኔም ዞረው፣ አየህ፣ አንተ እኮ ልጃችን ነህ አሉኝ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እስከዚያች ቀን ድረስ በእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

"ልጃችሁ ከሆንሁ" አልሁ፣ "ከሦስቱ አንዱን ስጡኝ። ማህተሙን፣ ወይ ቀለሙን፣ ወይ ቁልፉን። ካልሆነ ግን ልጃችን ማለቱን ተዉትና መልቀቂያዬን ስጡኝ።"

ያዝኋቸው አልሁ በልቤ። ማንም ከሦስቱ አንዱን ለባዕድ እንደማይሰጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ላቀው ማህተሙን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፣ ስማቸውም ቀለሙን። እትዬ ግን እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ክሩ ስለጠበቀ በጥርሳቸው ነበር የፈቱት። ቁልፉን አወጡና፣ ና ጎንበስ በል አሉኝ። ጎንበስ አልሁ። አንገቴ ላይ አሰሩት።

"እንግዲህ አንተ ያዘው" አሉ።

ልጆቻቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ላቀው ለዚያ ሰውዬ ከሚሆን ለይግዛው ይሻላል አለ፤ ስማቸውም ቃል በቃል ያንኑ ደገመው። እኔ እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ልብ በሉ፤ ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እጄን ብዘረጋ በዚያች ደቂቃ መልቀቂያዬ በእጄ ነበር። ግን ቁልፉ ገና የእሳቸው ሙቀት አለው። እንዲህ ያለ ነገር አንገትህ ላይ ታስሮልህ ምን ብለህ ነው ልሂድ የምትለው? በገዛ አፌ ነው የታሰርሁት። ያጻፍሁትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ፣ ላቀው ማህተሙን መሐረቡ ውስጥ መለሰ፣ ስማቸውም ቆርቆሮውን ዘጋ። መሪጌታ "ይኩን" አሉ። ከዳሱ ስንወጣ ክንዴን ያዙኝና፣ ዛሬ ቦታ አገኘህ፣ ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌህን ላክ አሉኝ። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ አላወቅሁም። ለጥምቀት የፋብሪካውን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው፤ ይኸው ዛሬም ጡረታውን በየወሩ ይበላል፣ ጥርሱን እየፋቀ በደጄ ያልፋል።

ቤቱስ ተሻሻለ? ኧረ የት ተሻሽሎ! ፋጉሎው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ሄደ ኖረ። የተለወጠው ነገር ቢኖር ሲጣሉ የሚመጡት እኔ ዘንድ መሆኑ ነው። ሞተሯ አንድ ቀን ጥቁር ጭስ ተፍታ ዝም እስክትል ድረስ እዚያው ነበርሁ። እትዬ ይመኙሻል ያረፉ ጊዜ ላቀውና ስማቸው መሐል ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ፤ ለቀስተኛው እየመጣ ለሦስታችንም እናታችሁን ነፍስ ይማር አለን። አለቀስሁ፤ ከሁለቱም ይልቅ ያለቀስሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ሁሉ ዓመት ንዴት ያስቀመጥሁት እንባ ሁሉ በሳቸው ወጣ፤ ያም ራሱ አናደደኝ።

ያን ዕለት ከፋሲሎ ቤት እንደ ገባሁ ጥሩወርቅ ካለችበት ሳትነሣ፣ ዛሬ ደግሞ ፋጉሎ ፋጉሎ ትሸታለህ፣ የት ዋልህ አለችኝ። መኪናውን ነገርኋት፤ ከመኪናው ተነሥቼ ሐሙሲትን፣ ታንኳውን፣ ዳሱን፣ ሁሉንም እንደ ገና አወረድሁት። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ቁልፉ ከበሩ በላይ ሚስማር ላይ ነው፤ ከእሱ ሥር ተቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እስከ ዛሬ ካልለቀቅህ እንግዲህ እኔ ልጻፍልህ መልቀቂያውን" አለችኝ።

"ጻፊው" አልኋት፣ "ወረቀቱ በእኔ ነው። ማህተሙንና ቀለሙን የሚያስታርቁልኝን አባትሽን ግን ከየት ላምጣቸው?"